ከቡጢው በፊት

ባጃጁ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ሲወርድ፣ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ የተንጠለጠለው ወጣት ስልኩን ወደ ሾፌሩ ፊት አስጠግቶ፣ «እየው እንጂ! ዓይኑ እኮ ክፍት ነው። ዳኛው እየቆጠረበት እሱ ተንጋሎ ኮርኒስ ያያል። ይኼ ተመትቶ የወደቀ ሰው ነው?» አለው። ሾፌሩ መንገዱንም ስልኩንም አንድ ላይ ለማየት እየሞከረ ሳቀ። «ድሮም ነግሬሃለሁ፤ ሸጦታል። የሸጠው ደግሞ ጨዋታውን ብቻ አይደለም፣ ከተማውን ነው። ዛሬ ኮሚቴው ያባርረዋል፣ አለቀ።» ከኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ተማሪና ምኞት። ሴትዮዋ «ወይ የዘንድሮ ሰው!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ምኞት የምትከፍለውን ሃያ ብር ከቦርሳዋ አወጣች። የሚወራበት ቦክሰኛ ባሏ ነበር።

አጵሎስ ኦይታ በስድሳ ኪሎ ሦስት ጊዜ የክልል ዋንጫ ያመጣ፣ ሲቀላ አስፋልት ላይ በእግሩ ሲሄድ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ «ግባ ላድርስህ» የሚለው ሰው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሐዋሳ በተደረገ የክለቦች ውድድር፣ ሁለተኛው ዙር ገና ከመጀመሩ፣ ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ልጅ በግራ እጁ አገጩን አለው። ወደቀ። ዳኛው እስከ አስር ቆጠረ፣ አጵሎስ አልተነሳም። ቪዲዮውን ምኞትም አይታዋለች፤ ያውም አንዴ አይደለም። እሱ ገላውን ሲታጠብ፣ ሱቅ ብሎ ሲወጣ፣ ድምፁን አጥፍታ ደጋግማ አይታዋለች። ዓይኑ ክፍት እንደነበር ከባጃጁ ወጣት በፊት አውቃለች። ያወቀችውን ግን አልጠየቀችውም። በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ በሁለት ክፍል ኪራይ ቤታቸው ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ አከራይዋ በአራት ሺው ላይ አምስት መቶ ልትጨምር ስለማሰቧ ብዙ ተወርቷል። ስለዚያ ዙር ግን አልተወራም። ሜዳሊያዎቹ ከሚስማሩ ወርደው ሻንጣ ገቡ፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የመለሰም የለም። ስልኩ ሲጠራ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ወጥቶም በጋሞኛ ያወራል። እሷ ከሆሳዕና ለዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ተመርቃ፣ በተመረቀችበት ሥራ አጥታ እዚሁ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ናት። ጋሞኛ የምትሰማው ለገበያ ያህል ነው። ግቢው ውስጥ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ያዳመጠችበት ቀን አለ፤ በራሷ አፍራ ወደ ምጣዷ ተመለሰች እንጂ የያዘችው ነገር አልነበረም።

ከሦስት ቀን በፊት ከክለቡ ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው ፊት ቀርቦ «ውጤት በገንዘብ አሳልፎ ሰጥቷል ስለመባሉ» ማብራሪያ እንዲሰጥ ይላል። ኮሚቴው ካላመነው ከክለቡ ይሰረዛል፤ ካመነው ወደ ልምምድ ይመለሳል። አጵሎስ አነበበው፣ አጥፎ ቴሌቪዥኑ ሥር አስገባው፣ ከዚያ «ጨው አልቋል» አለ። ምኞትን ግን ያቺ አንዲት ቃል በላቻት፤ ስለመባሉ። ተባለ የሚባል ነገር በራሱ አይመጣም፣ የተናገረው ሰው አለ። ያ ሰው ከተገኘና ዋሾ መሆኑ ከታወቀ ባሏ ይጸዳል። ዋሾ ካልሆነስ? እዚያ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን እንደ ድስት ክዳን ትከድነዋለች።

ሲቀላ ላይ ሁሉም ሲወርዱ ወደ ኋላ ቀረችና ሃያ ብሯን እየሰጠች፣ «ይህን ቅድም ያወራችሁትን ማን ነገረህ?» አለችው ሾፌሩን።

«እህቴ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው እኮ።»

«ከተማው አፍ የለውም። ለአንተ የነገረህ ማነው?»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። የአስተማሪ አነጋገር ነው የያዘችው፤ ሕፃናቱን ማን ቀድሞ እንደተማታ ስትጠይቅ የምትጠቀምበትን ድምፅ። «ሽበሺ ጋ ስቆረጥ ሰማሁ» አለ፤ ቀጥሎም፣ «ለምን ጠየቅሽኝ? ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ።»

ሾፌሩ ሃያ ብሩን እጁ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ሊመልስላት ዘረጋ፣ እሷ ግን ሄዳለች።

የሽበሺ ፀጉር ቤት መናኸሪያው አካባቢ፣ ከአንድ የጁስ ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ላይ ፀጉር መቶ፣ ጺም ሃምሳ የሚል ተጽፏል። ውስጡ ሦስት ወንዶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ወንበሩ ላይ አረፋ ተቀብቶ ጋደም ብሏል፣ ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። ከመስተዋቱ በላይ የአጵሎስ ፎቶ ነበር፤ ዋንጫ ተሸክሞ፣ ከሽበሺ ጋር ተቃቅፎ። አሁን ቦታው ላይ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል። ምኞት ገብታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወንዶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ማንም የሚላት አጣ፤ ሴት ጺም ቤት ምን ትሠራለች ተብሎ አይጠየቅ ነገር።

«እህት ምኞት» አለ ሽበሺ በመስተዋቱ ውስጥ እያያት። «ሰላም ነው? አጵሎስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሸጧል ተብሎ ዛሬ ሊባረር ነው። ወሬው ከአንተ ወንበር ተነሳ አሉኝ፤ ተራዬ እስኪደርስ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ምላጩ አረፋው ላይ ቆመ። የጋደመው ሰውዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሽበሺ ምላጩን አስቀምጦ እጁን በፎጣ እየጠረገ ወደ ደጅ አወጣት፤ ከጁስ ቤቱ ማሽን ጩኸት በታች እንዲሆን ድምፁን አሳንሶ፣ «እኔ ፀጉር እቆርጣለሁ እንጂ ወሬ አልፈጥርም» አላት።

«ፈጠርክ አላልኩም። ከማን እንደተቀበልከው ንገረኝ።»

«ለምን ይጠቅምሻል?»

«ንገረኝ ብቻ።»

ሽበሺ ወዲያና ወዲህ አየ። «ጉታ ነው» አለ። «ታላቅ ወንድሙ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ባዳ ቢለኝ እኔም አላምን ነበር፤ ፎቶውንም አላወርድም ነበር። ወንድም በወንድሙ ላይ ሲመሰክር ግን ምን ልበል? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ምኞት ስሙን ስትሰማ ከመደንገጥ ይልቅ አንድ ነገር ቦታውን የያዘ መሰላት። ጉታ! እሁድ ከጸሎት ቤት ሲወጣ እነሱ ቤት ምሳ ሳይበላ የማይሄደው ጉታ፣ ከጥር ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። አባታቸው ሲሞቱ የኩልፎውን የሙዝ ማሳ ጉታ ይዞ ቀረ፤ ታናሹ ጓንት አጥልቆ በየከተማው ሲጨበጨብለት እሱ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሙዝ ሲቆርጥ ኖረ። ቅናት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መንገድ ላይ ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች እየተቀዳደሙ ሲያልፏት፣ ለጉታ የምትለውን በልቧ ስታሰናዳ፣ ስትከልስ፣ እንደገና ስታሰናዳ ኩልፎ ወንዝ ዳር ደረሰች። ፀሐዩ ሽቅብ ወጥቷል። ከአስፋልቱ ወርዳ በሙዝ ተክሎቹ መሃል ስትገባ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ተለጠፈ።

የአማቷ የእማማ በለጥሽ ቤት ከቦዩ ማዶ፣ ሁለት የማንጎ ዛፎች ሥር ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። እማማ በለጥሽ አማርኛ ሲናገሩ፣ በተለይ ሲደነግጡ፣ ሴቱን ወንድ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። «ግባ ልጄ፣ ግባ! ፀሐዩ አቃጠለህ!» እያሉ እጇን ስበው አስገቧት። ምን አመጣሽ ብለው አልጠየቁም። አለመጠየቃቸውን ምኞት አስተዋለች። ድንች የሚመስለውን ሥር፣ ቦዬ ቀቅለው ነበርና በሳህን አድርገው ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረቡላት፤ ራሳቸውም አንድ ቁራሽ ይዘው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያና የአጵሎስ የሠርግ ፎቶ አለ፤ መሬቱ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ነው። አማት ስለ ዝናቡ አነሱ። ምራት ስለ ትምህርት ቤት መለሰች። ሙዝ ነጋዴው ኪሎውን በስንት እንደሚወስድ ተወራ፤ እሱም አለቀ። ከዚያ ሁለቱም ቦዬውን እያኘኩ በሩን አዩ። እኒህ ሴትዮ የሆነ ነገር ያውቃሉ አለች ምኞት በልቧ። ሁሉም ያውቃሉ፤ የማላውቀው እኔ ነኝ።

ጉታ ከማሳው ሲመጣ ከሩቅ አያትና አረማመዱ ዘገየ። ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ እጁንና እግሩን ታጠበ፤ ለአንድ ሰው እጅና እግር ከሚበቃው በላይ ቆየ። እናቱ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉት፣ እሱም በአጭሩ መለሰ። ምኞት ከንግግሩ የለየችው የባሏን ስም ብቻ ነው።

«በሚገባኝ ቋንቋ ተናገሩ» አለች። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ተናግራ አታውቅም፤ ድምፅዋ ለራሷም ባዳ ሆነባት። «ወንድም ጉታ፣ ወንድምህ ሸጧል ያልከው አንተ ነህ?»

ጉታ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ፤ አልገባም። «ነኝ» አለ።

እሷ ሁሉን ያሰናዳችው ይክዳል ብላ ነበር። «ምን አድርጎህ ነው?» አለች፣ ያ ብቻ ነው የወጣላት።

«እኔ ከኪሴ አውጥቼ የተናገርኩ መሰለሽ? ራሱ ነው ያለው።» ጉታ ወደ እናቱ አየ፣ እናቱ ወደ ሳህኑ አዩ። «ከሐዋሳ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሲቀላ ጁስ ቤት ተቀምጠናል። የሚያውቁት ልጆች መጡና ይስቁበት ጀመር። በአንድ ቡጢ! ከሕፃን! እህቴም እንዲህ አትወድቅም አለው አንዱ። እኔ ተነስቼ ልማታ ስል ያዘኝና ፈገግ ብሎ ምን አላቸው መሰለሽ? እናንተ ያያችሁት ቡጢውን ነው፤ ከቡጢው በፊት ምን እንደነበረ አታውቁም አላቸው። ሁሉም ጸጥ አሉ። አንዱ ስንት ሰጡህ አለው። ሳቀ፤ አልመለሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ስቆበት አያውቅም። ሌባ አሉት እንጂ ደካማ አላሉትም።»

«አንተስ አመንከው?»

«ከአፉ ሰምቼ? አምኜ ነዋ! ተናድጄ ነው ፀጉር ቤት የተናገርኩት። ቤታችሁ መምጣት ያቆምኩትም ለዚህ ነው። እንዴት ብዬ እዚያ ቤት እጄን ታጥቤ ማዕድ እቀርባለሁ? አባታችን በዚህ ጭቃ ውስጥ ያሳደገን ሰው...»

«ልጄ አልሸጠም» አሉ እማማ በለጥሽ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይሉ።

«እንዴት አወቁ እማማ? ነግሮዎት ነው?»

«አልጠየቅሁትም።» ቁራሹን ወደ ሳህኑ መልሰው፣ «እጸልያለሁ እንጂ አልጠይቅም። ብጠይቅ አዎ ቢለኝስ?» አሉ።

ምኞት ስትወጣ ጉታ አስፋልቱ ድረስ ሸኛት። እዚያ ሲደርሱ፣ «ውሸቴን ከሆነ አስታርቂኝ» አላትና ተመለሰ።

ቤት ስትደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። አጵሎስ የለም። አከራይዋ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ «ሸሚዙን አስተኩሶ ሊመጣ ወጣ» አለቻት። ምኞት በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ከዚያ ያደረገችውን ነገር ሌላ ሴት ስታደርገው ብታይ ትንቃት ነበር። ፍራሹን አነሳች። የሱሪዎቹን ኪስ ገለበጠች። የልምምድ ቦርሳውን አወጣች፤ ጓንቱን፣ የእጅ መጠቅለያውን፣ ያደረ ላብ የሚሸት ፎጣውን አልጋው ላይ ዘረገፈች። የሻንጣውን ገበር በጣቷ ዳሰሰች፣ ሜዳሊያዎቹ ተንኳኩ። አዲሱን ጫማውን አገላብጣ አየች፤ ይህን ጫማ የካቲት ላይ ገዛ፣ በምን ገዛው? ደመወዙ ነበር፣ አዎ፣ ክለቡ ገና አላቋረጠበትም ነበር። ምንም አላገኘችም። ምንም አለማግኘቷ ግን አላሳረፋትም፤ ደብቆ የሚያውቅ ሰው በሚገኝበት ቦታ አያስቀምጥም አለች በልቧ። በሩ ተንኳኳ። ዕቃውን ልትሰበስብ ጎንበስ አለችና ተወችው፤ ሄዳ ከፈተችለት።

አጵሎስ የተተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ በማንጠልጠያ ይዞ ገባ። አልጋውን አየ። ጓንቱን፣ የተከፈተውን ሻንጣ፣ የተገለበጠውን ጫማ አየ። ሸሚዙን በሩ ጀርባ ሰቀለው።

«ምንድነው የምትፈልጊው?»

«ብሩን።»

«የትኛውን ብር?»

«ከቡጢው በፊት የነበረውን።»

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ጉታን መሰለ፣ እንዲያውም አባቱን። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከጓንቶቹ አጠገብ ተቀመጠ። ከውጪ አከራይዋ ባልዲ ስታንኳኳ ይሰማል፤ ጆሮዋ እዚህ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አጵሎስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጉታ ጋ ሄደሽ ነበር።»

«ሄጃለሁ። ስንት ነው?»

«ምንም። ከቡጢው በፊት ምንም አልነበረም ምኞት። የነበረው ከቡጢው በኋላ ነው።» መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እነሱን እያየ ተናገረ። «ዳኛው አራት ሲል ሰማሁት። አምስት ሲልም ሰማሁት። እግሬ የራሴ ነበር፣ ጭንቅላቴም አልዞረም። መነሳት እችል ነበር። ቀና ስል ያ ልጅ ጥጉ ላይ ሆኖ ሲንጠራራ አየሁት፤ ሊጨርሰኝ እየጠበቀ ነው። ብነሳ እንደገና ይመታኛል አልኩ። ሰባት ሲል፣ ቆጥሮ ይጨርስ አልኩ። ጨረሰ።»

«ስንት ዓመት ስትመታ ኖርክ?»

«አስራ አንድ።»

«ታዲያ ለምን ያን ቀን?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ስንት ጊዜ ጠየቅሁት ራሴን። አላውቅም።»

ምኞት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓይኑ ክፍት የነበረበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከገንዘቡ ይልቅ ከቪዲዮው ጋር የሚገጥመው ይሄ ነው። ቢሆንም አምስት ወር ሙሉ አጠገቧ ተኝቶ ይህን የደበቀ ሰው ሌላም መደበቅ ይችላል። «እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?» አለችው።

«በምንም» አለ። «ማስረጃ የለኝም።»

«ኮሚቴው ፊት ይህን ትላለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «አልልም። ተሳስቻለሁ፣ ሸጫለሁ ብል ይሻለኛል። የሸጠ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሁለት ዓመት ይቀጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። የፈራ ቦክሰኛ ግን ወዴት ነው የሚመለሰው? ማን ጓንት ይሰጠዋል?»

«ሁለት ዓመት አንተ ስትቀጣ እኔስ? እናትህስ? ወንድምህ ማዕድ አልቀርብም ብሎ ጭቃው ውስጥ ቆሟል!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ውጪ ያለው ባልዲ ጸጥ አለ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ አከራይዋ ትስማ። «እኔ የሌባ ሚስት አይደለሁም። የፈሪ ሚስት ከሆነ ግን ግድ የለኝም። የፈሪ ሚስት በየቤቱ ሞልታለች።»

ባይስቅም ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ላላ። ተነስቶ ጓንቶቹን ወደ ቦርሳው ከተታቸው። ሸሚዙን ለበሰ። ቁልፎቹን አንድ ቀዳዳ አዛንፎ ቆለፈና ፈትቶ እንደገና ቆለፈ፤ እሷ አየችው፣ አላገዘችውም።

የክለቡ መለማመጃ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው። ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋዋል፤ መሃል ላይ ገመዱ የላላ ሪንግ፣ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃለኛው ሰብሳቢው አቶ በዛብህ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሰው የሚያዩ። አሰልጣኙ ጋሻዬ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ሪንጉን ተደግፎ ቆሟል። አስራ አምስት የሚሆኑ ልምምድ ላይ የነበሩ ቦክሰኞች በየግድግዳው ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው የአጵሎስን ቦታ የያዘው የሃያ ሁለት ዓመቱ አለምሰገድ አለ። ምኞት በሩ ላይ ቆመች። ግቢም ውጪም ያላት የለም።

አጵሎስ ለእሷ የነገራትን ተናገረ። በቆመበት፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሳያሳጥር ተናገረ። ጁስ ቤት ውስጥ ያለውንም አልዘለለም። «ፈሪ ከምባል ሌባ ልባል ብዬ ነው» አለ። ግድግዳው ላይ ካሉት ልጆች አንዱ ሳል የሚመስል ሳቅ አወጣ። አጵሎስ አንገቱን አልደፋም፤ ጆሮው ግን ቀላ።

አቶ በዛብህ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ አጵሎስ፣ ያኔ የነበረውን አንድ ዓይነት አወራህ፤ ዛሬ ሌላ ዓይነት አወራህ። የመጀመሪያው ውሸት ከሆነ ሁለተኛው ለምን እውነት ይሆናል? እኛ እንዴት እንለየው?» ይህ ጥያቄ የእሷም ስለሆነ ምኞት በሩ ላይ ሆና በሰውየው ልትናደድ አልቻለችም።

መልስ የሰጠው ጋሻዬ ነው። «እኔ ሐዋሳ ጥጉ ላይ ነበርኩ» አለ፤ ከአምስት ወር ወዲህ ስለዚያ ቀን ሲናገር የሰማው ሰው የለም። «ዓይኑን አይቼዋለሁ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ልጄ ፈራ ብዬ ከምናገር፣ ሸጠ ሲሉ ዝም ማለት ለእኔም ቀለለኝ።» ከዚያ ወደ አጵሎስ ዞሮ፣ «ሸሚዝህን አውልቅ» አለው። «አለምሰገድ! ና ግባ። አንድ ዙር፣ ሦስት ደቂቃ። አታዝንለትም፤ ካዘንክለት አንተን ነው የማባርረው።»

ሰብሳቢው ይህ ስብሰባ ነው እንጂ ምናምን ሊሉ ጀምረው ተዉት። አጵሎስ ነጩን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ጣለና ጓንቱን ከቦርሳው አውጥቶ አጠለቀ። መጀመሪያ ላይ እግሩ የድሮው እግር ነበር፤ ምኞትም ታውቀዋለች፣ ስታገባው ይህን እግር ነው ያየችው። አለምሰገድ ግን ፈጣን ነው። የመጀመሪያው ቡጢ ሲመጣ አጵሎስ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛው ሲመጣም ጨፈነ። ቡጢው ሳይደርስ ገና ትከሻው ሲንቀሳቀስ ይጨፍናል፤ እንደ ሕፃን። አሁን ሁሉም አዩት። ግድግዳው ላይ ያሉት ልጆች መሳቅ አቆሙ፤ በገንዘብ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይጨፍንም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተወንም። ምኞትም ያን ጊዜ አመነችው። ማመኑ እንደጠበቀችው አላስደሰታትም።

ሁለት ደቂቃ ግድም ላይ የአለምሰገድ የቀኝ እጅ ቡጢ የአጵሎስ ጉንጭ ላይ አረፈ፤ አጵሎስ በጉልበቱ ከዚያም በጎኑ ወደቀ። ጋሻዬ ሊያነሳው አልሄደም። ባለበት ሆኖ፣ ሳይቸኩል መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጋዘኑ ውስጥ የቆርቆሮው ጩኸት ብቻ ይሰማል። አራት፣ አምስት። አጵሎስ ቀና ብሎ ጥጉ ላይ የሚጠብቀውን ልጅ አየ። ምኞት የበሩን ብረት ይዛ ነበር፤ ተነስ ልትለው አፏን ከፍታ ሳትለው ቀረች፤ የእሱ ጉዳይ ነው። ስድስት። ሰባት። በስምንት አንድ ጉልበቱን አቆመ፤ በዘጠኝ በሁለት እግሩ ቆመ፣ ከንፈሩ እየደማ፣ ጓንቱን ወደ አገጩ አንስቶ። የቀረውን አንድ ደቂቃ ተመታ። አንድ ጊዜ ብቻ መልሶ መታ፤ እሱም በደንብ አልነበረም። ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ቡጢዎች ዓይኑን ሳይጨፍን ነው የተቀበላቸው። ወይም ለምኞት እንዲያ መሰላት።

ኮሚቴው ብዙ አልፈጀም። ስለ ሽያጩ የተነሳው ጉዳይ ተዘግቷል፤ በሚቀጥለው ውድድር ግን ስሙ አይገባም፣ ደመወዙም ለጊዜው እንደቆመ ይቆያል። አንደኛው የኮሚቴ አባል ፊርማውን ሲያኖር አሁንም አንገቱን እያወዛወዘ ነበር፤ ያመነ አይመስልም፣ ምናልባት መቼም አያምንም። ጋሻዬ ፎጣ ወረወረለት። «ሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት እዚህ ተገኝ» አለው። «ለአለምሰገድ የልምምድ ተጋጣሚ ሆነህ ትመታለታለህ። ዓይንህ መቼ እንደሚከፈት፣ ይከፈትም እንደሆነ፣ እኔ ምንም ቃል አልሰጥህም።» አጵሎስ «እሺ ኮች» አለ።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። የሴቻን ዳገት ሲይዙ ከሰዓቱ ለዘብ ብሎ፣ ከታች የዓባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቶ ይታያል። ቦርሳውን እሱ ይዞታል፤ ሸሚዙ አንገትጌው ላይ ደም ነክቶታል። ለጉታ ደውላ የሆነውን ነግራ ነገ ምሳ ናልን ብላዋለች፤ ጉታም እናቱን ይዞ እንደሚመጣ ነገራት። ዳገቱ መሃል ላይ ሲደርሱ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆመች።

«ሌላ ያልነገርከኝ አለ?»

እሱም ቆመ። ቶሎ ቢመልስላት ኖሮ አታምነውም ነበር። ቆየ።

«አለ» አላት። «ዛሬም ስድስት ሲል፣ ልተኛ ነበር።»

«አይቼሃለሁ» አለችው።

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ፣ «ሰኞ በስንት ሰዓት ልቀስቅስህ?» ስትለው፣ የደማ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠርጎ አሰበበትና፣ «በአስራ አንድ» አላት።